አባቴ ያልለመዳት ማይክ

አባቴ ሰኞ የእንቅርት ኦፕራሲዮን እንዲያደርግ ሲቀጠር፣ ሐኪሙ ድምፁ ሊለወጥ እንደሚችል አልደበቀንም። አባቶቻችን ወላይታ ሶዶ እንዴት እንደገቡ የሚተርክ ፖድካስት እጀምራለሁ ማለት ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። የመጀመሪያው ተራኪ ደግሞ እሱ ነበር። ሳልቀዳው ድምፁ ቢሄድስ ብዬ ፈራሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓመቱን ሙሉ የትኛው ማይክ ይሻላል እያልኩ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። ሲጨንቀኝ የቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ትልቁን አዋሰኝና “ትንፋሽ እንኳ አያመልጠውም” አለኝ። እውነቱን ነው፤ የጎረቤቱ ዶሮም፣ ባጃጁም፣ ቆርቆሮው ላይ የሚንጠባጠበው ዝናብም አላመለጠውም።

ዶሮውስ ባልከፋ። ቤት ውስጥ የምናወራው በወላይትኛ ነው። አባቴ ግን ለብዙ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበር ማይክ የሚያውቀው መድረክ ላይ ብቻ ነው። ፊቱ ሳቆምለት ኮቱን ቆልፎ ብድግ አለ።

“የተወደዳችሁ ወገኖች፣ በጌታ ስም ሰላም እላችኋለሁ” አለ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

“አባባ፣ ቁጭ ብለህ እንደ ሁልጊዜው አውራኝ።”

“ማይክ ፊት ተቀምጦ ይወራል እንዴ?”

በስንት ልመና ተቀመጠ፤ ሰላምታውን ግን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። በራሴ ተናደድኩ። ለድምፁ ጥራት ስጨነቅ ሰውየውን ረስቼዋለሁ።

ቅዳሜ ከሞባይል ሱቅ ስልክ ላይ የምትሰካ፣ ልብስ ላይ የምትያያዝ ትንሽ ማይክ ገዛሁ። ጋቢው ጠርዝ ላይ አደረግኩለትና የተቀቀለ ጎደሬ አቀረብኩ። አንዴ አያትና ረሳት። በልጅነቱ ለትምህርት ብሎ ከቤሌ ሶዶ ድረስ በእግሩ የመጣበትን መንገድ በወላይትኛ ያወራ ጀመር፤ እየሳቀ፣ ጎደሬውን እያላመጠ። ዶሮው ሲጮህ ዝም አልኩት። በትረካው የሞላ ወንዝ ዳር እንደደረሰ ግን ሊጸልዩለት የመጡ ሰዎች ገቡና ወሬው እዚያው ቀረ።

ሰኞ ከኦፕራሲዮኑ ሲወጣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ አፉን አፉን አየው ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዓይኑን ገለጠና በእጁ ጠራኝ። ጎንበስ አልኩ።

“ወንዙን እኮ አላሻገርኩህም” አለኝ በወላይትኛ።

ሻከር አለ እንጂ የራሱ ድምፅ ነው፤ የቤቱ። እፎይ አልኩ፤ እንባዬም መጣ። ማይኳ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ እኔም ረስቻት ነበር።