በመጋዘኑ የማይጠራው ስም

ጆንያ ሰፊዋ ምላሰኛ ናት። ተሸካሚዎቹ ቢተርቧት ሁለት ጨምራ ትመልሳለች፤ አለቃው ቢቆጣ ሲባጎዋን በጥርሷ እየበጠሰች፣ «ደግሞ ዛሬ ምን ጎደለብህ?» ትለዋለች። ከአፏ የማትወጣ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ እባብ የምትለዋ።

ልጅ ሳለች አንድ ምሽት፣ «አባዬ፣ እባብ ጆሮ አለው?» ብላ ጠይቃ ነበር። በማግስቱ አባቷን ከግቢያቸው ካብ ሥር እባብ ነደፈው፤ ፊቱ አብጦ ሞተ። እናቷ ሐዘኑ ቢያንገበግባት፣ «ስሙን ጠርተሽ አመጣሽብን» አለቻት። እናቷ ይህን ዳግመኛ አላለችም፤ አንዴው ግን በቃ። ያኔ ታናሽ ወንድሟ ገና ድክ ድክ እንኳ አላለም። እናታቸውም ብዙ ስላልቆየች፣ ጆንያ እየሰፋች ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ትከሻው የሰፋ ጎረምሳ ሆኖ እዚያው መጋዘን ይሸከማል።

ተረት ስትተርት እንኳ ስሙን ትዘለዋለች። «እሱን ያየ በልጥ በረየ» ስትል ተሸካሚዎቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

«እሱ ማነው? አለቃው ነው?»

«አለቃውማ ልጡ ነው።»

ሳቁ ሳቅ ነው፤ ፍርሃቷ ግን ተጋባባቸው። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ባለበት ደግሞ እሱ። ቀስ በቀስ ከዚያ ጣሪያ ሥር ስሙን የሚጠራ ጠፋ። ያየው ሰው መዳፉን ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፤ ያኔ ሁሉም ባለበት ቀጥ ይላል።

ይህን ያልወደዱት ሽማግሌው ዘበኛ ብቻ ነበሩ። በር ላይ ተቀምጠው መጽሐፋቸውን ሲደግሙ የሚውሉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ የጥንቶቹ በግዕዝ አርዌ ምድር ይሉታል። የምድር አውሬ ማለት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ተንኮለኛውን ሰው እባብ ያልነው እኛ ነን። ከይሲ ስንልም እሱን ማለታችን ነው፤ ኋላ ግን ለሰይጣን ሰጠነው። የራሳችንን ክፋት ስንጭንበት ስሙ ከበደ። አዳም ለእንስሳቱ ስም ሲያወጣ እኮ ገና ማንም አልበደለም ነበር። ስሙ ከጥፋቱ ይቀድማል።»

«እርስዎ ይጥሩት አባባ። እርስዎ የሚጠፋብዎ ወንድም የለዎትም» አለችና ጆሮዋን ይዛ ተነሳች።

ዕለቱ ባዶ ጆንያ የሚራገፍበት ቀን ነበር። ተሸካሚዎቹ ከግድግዳውና ከምሰሶው ጋር ጧ ጧ እያደረጉ አቧራውን ያራግፋሉ። ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቷት ተንበርክኳል፤ እጁን እህሉ ከሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ ሥር ሰዶ የተሰነቀረ ጆንያ ይጎትታል።

መርፌዋን ልታነሳ ቀና ስትል፣ ከእጁ ክንድ በማይሞላ ርቀት አመድማ ነገር ተጠቅልሎ አየች። ራሱን አነሳ።

አጨበጨበች። ማንም ዞር አላለም፤ መጋዘኑ ሁሉ ጧ ጧ ነው። ደግማ አጨበጨበች። አጠገቧ ያለው ተሸካሚ እጇን የምታራግፍ መስሎት፣ «በእኔ ላይ አታቡኚው!» አላት።

«ወንድሜ! ና ወደዚህ!»

«መጣሁ እታለም፣ ይቺን ላውጣና።»

«እጅህን!»

«እጄ ምን ሆነ?» አለ ሳይዞር፤ እንዲያውም ክንዱን ጨምሮ አስገባ።

ብጠራው ይገድለዋል፣ ባልጠራው ይገድለዋል። የአባቷ ያበጠ ፊት መጣባት። ከዚያ ከሆዷ ፈንቅሎ ወጣ፦

«እባብ! እባብ ነው!»

መጋዘኑ ጸጥ አለ። ወንድሟ ጆንያውን እንደጨበጠ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ በጀርባው ወደቀ። አውሬው ተወርውሮ ጆንያውን ነደፈና ወደ ርብራቡ ሥር ሾለከ።

እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። እጁን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ትገልጥ ጀመር።

«አልነካህም? እውነቱን ንገረኝ።»

«ኧረ አልነካኝም እታለም፤ የተነደፈው ጆንያው ነው። እሱን ስፊለት።»

ሌሎቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እጁን እንደያዘች ጎትታ ከመስፊያዋ ጎን አስቀመጠችው። ተሸካሚዎቹ ዱላ ይዘው ርብራቡን ሲያነሱ፣ «እባቡ ወዲህ ነው! እባቡን ያዘው!» እያሉ ተጯጯሁ። ስሙ በተጠራ ቁጥር ሰውነቷ ይሸማቀቃል፤ ወዲያው ዞር ብላ የወንድሟን ፊት ታያለች። ከንፈሩ አብጦ እንደሆነ፣ ዓይኑ ፈዝዞ እንደሆነ ታያለች። ፊቱ ያው የተለመደው፣ አቧራ የጠጣ ፊት ነው። እባቡን ሲገድሉትም ስሙን ጠሩት፤ አሁንም ያው ፊት ነው።

«እታለም፣ ልቀቂኝ እንጂ። አለቃው እየጠራኝ ነው።»

«ይጥራ።»

«እጄን እኮ አደነዘዝሽው።»

«ተመስገን» አለች በለሆሳስ። እጁን ግን አልለቀቀችም።