እስከ ቀራንዮ በምድር ሥር

ያስገቡኝ ክፍል ጋራዥ ነበር። ኮልፌ ውስጥ ከባለቤቱ የተወረሰ ግቢ ነው፤ ሳሎኑን ቢሮ፣ ጋራዡን እስር ቤት አድርገውታል። መኪናው ከወጣ ቆይቷል፣ ሽታው ግን አልወጣም። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ሲሚንቶው የጠጣው የሞተር ዘይት እንደገና ይሸታል፤ ልብሳችንም እንጀራችንም ዘይት ዘይት ይል ነበር። አንዲት መኪና በቅጡ በማትገባበት ቦታ ስንት ሰው እንደነበርን ብናገር የሚያምነኝ የለም። ጎናችንን የምንገለብጠው ተነጋግረን፣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ነበር ብል ይበቃል።

የተያዝኩት ከሥራ ቦታዬ ነው። የከተማው ካርታ በሚዘጋጅበት መሥሪያ ቤት ንድፍ እሠራ ነበር። የመጡት ሰዎች የሚፈልጉት እኔን ሳይሆን ታናሽ እኅቴን ነው። የት እንዳለች ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኩ። አውቅ ነበር። ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ አንዲት ባልቴት ጓሮ ውስጥ ተደብቃለች። ስመዘገብ «ምግብ የሚያመጣልህ ማነው?» አሉኝ። «ማንም» አልኩ። ምግብ የሚያመጣ ሰው ከሌለ፣ ሲመለስ ተከትለውት የሚደርሱበት ቤት አይኖርም።

የክፍሉ ሕግ ግን ማንንም ባዶ እጁን አይተውም ነበር። የገባ ምግብ ሁሉ ይቀላቀላል። ከበሩ ሥር በምትገባው ነፋስ አጠገብ መተኛት በተራ ነው። ሲጋራ ከተገኘ አንድ አንድ ሳብ እየተደረገ ይዞራል። ይህን ሕግ የሚያስከብሩት ሁላችንም አባባ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው የገባበትን አልናገርም ብለው በልጃቸው ፋንታ የታሰሩ ናቸው። ቤታቸው ዛሬ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የምንለው ሰፈር ነው፤ ባለቤታቸው ከዚያ በእግራቸው እየመጡ ምሳ ያደርሱላቸዋል።

ከገባሁ ትንሽ ቆይቶ ከአባባ ምሳ ጋር አንዲት ተጨማሪ ሳህን መምጣት ጀመረች። ቀመስኩት። ጨው የበዛበት ሽሮ ነው። እኅቴ በሕይወቷ ጨው መጥና አታውቅም። ቀና ብዬ አባባን አየኋቸው፤ እሳቸው ጉርሻቸውን እያላመጡ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እኅቴን የደበቋት ባልቴት ለአባባ ባለቤት የማኅበር እኅት መሆናቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ሽሮውን ሁላችንም ስለምንበላው፣ አጠገቤ የሚተኛው አስተማሪ በየቀኑ ይነጫነጭ ነበር።

«ይቺ ሴትዮ እኛን በጨው ልትጨርሰን ነው እንዴ?» ይላል።

እኔ ደጋግሜ እጎርሳለሁ። ሽሮው ጨው አንሶት ቢመጣ ልቤ ቀጥ ትል ነበር።

ከምሳ በኋላ ተረኛ የሆነ ሰው የሚያውቀውን ያወራል። አስተማሪው ስለ ከዋክብት አስተምሮናል፤ አባባ በቅሎ ሲገዛ ምን ምኗ እንደሚታይ አስረድተውናል። ተራዬ ሲደርስ የማወራው ጠፋኝ። በመጨረሻ መሥሪያ ቤታችን ይመጣ በነበረ የሶቪየት መጽሔት ላይ ያየሁትን የሞስኮን የምድር ውስጥ ባቡር አወራሁ። ሰው በደረጃ ወርዶ መሬት ሥር እንደሚሳፈር፣ ጣቢያው እብነ በረድ እንደሆነ፣ ጣሪያው ላይ እንደ ቤተ መንግሥት መብራት እንደተንጠለጠለ።

«በምድር ላይ ያለውን አውቶቡስ መች ጠገብነውና ነው በምድር ሥር የምትወስደን?» አለ አስተማሪው።

«እኛ አገርም ይሠራል» አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። እልህ ያዘኝ መሰለኝ። ንድፍ ሠራተኛ ነኝ፣ ከተማውን በእጄ አውቀዋለሁ፣ እሱን ደግሞ ማንም ሊወርሰኝ አይችልም።

ጥግ ላይ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተጥሎ ነበር። ሰብሬ ውስጡ ያለውን ጥቁር ዘንግ አወጣሁና ኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ ከመርካቶ አንድ መስመር ጀመርኩ። መሳለሚያ ሳልደርስ ክፍሉ በሙሉ ከበበኝ። አንዱ በአውቶቡስ ተራ ካላለፈ ይላል፣ ሌላው ኮልፌ ዳገት ላይ ባቡሩ ይንሸራተታል ብሎ ይሰጋል። ባቡሩ በዳገቱ ላይ ሳይሆን በሥሩ እንደሚያልፍ ባስረዳውም ስጋቱ አልለቀቀውም። ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ፈቃድ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ከተማውን በሙሉ በምድር ሥር እናመላልሰው ጀመር። እውነቱን ለመናገር በእስር ዘመኔ እንደዚያ ሰሞን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ፌርማታ የት የት ይሁን የሚለው ላይ ስንደርስ አባባ ሕግ አወጡ።

«የእያንዳንዱ ሰው ምሳ የሚነሳበት ቦታ ፌርማታ ይሁን» አሉ። «ባለቤቴ ጉልበቷ አልቋል። ተሳፍራ ትምጣ።»

የተቃወመ አልነበረም። እያንዳንዱ እናቱ ወይም ሚስቱ ከቤት የምትነሳበትን ሰፈር ነገረኝ፤ እኔም እየከበብኩ ምልክት አደረግኩ። የመጨረሻው ክብ ማዞሪያው አጠገብ፣ የአባባ ቤት ላይ አረፈ። እኔ ምሳ የሚያመጣልኝ ስለሌለ ፌርማታ አያስፈልገኝም ብዬ ዘንጉን ላስቀምጥ ስል አባባ ከእጄ ወሰዱት።

«እዚህ ቤት ድርሻ የሌለው ሰው የለም» አሉና መስመሩን ከራሳቸው ቤት አሳልፈው ጎትተው ቀራንዮ ላይ አንድ ክብ አደረጉልኝ።

ደነገጥኩ። ክፉ አስበው አይደለም። ለእሳቸው ድርሻ ድርሻ ነው፣ እንጀራም ሆነ ፌርማታ። ግን ከዚያ ክፍል ውስጥ ቤቱ ቀራንዮ የሆነ አንድም ሰው አልነበረም። ለምን እንደማልፈልገው በሰው ፊት ማስረዳት አልችልም፤ ዝም ብዬ ብፍቀው ደግሞ ሁሉም ይጠይቀኛል። ስለዚህ በሙያዬ መጣሁባቸው።

«አባባ፣ እዚያ ወንዝ አለ፤ አፈሩም የሚሰነጣጠቅ ዋልካ ነው። ማዞሪያው ላይ ይብቃ» አልኩ።

«ወንዙን በሥሩ ይለፍ። በምድር ሥር ነው የሚሄደው አላልክም?»

«እሺ ይሁን፣ ግን ባቡሩ የሚያድርበት ብቻ ይሁን። ሰው አይውረድበት።»

«ሰው የማይወርድበት ፌርማታ ምን ይባላል? በመድኃኔዓለም ንግሥ ያ ሁሉ ሕዝብ በእግሩ ይሂድ?»

እሳቸው እየተዝናኑ፣ እኔ እየፈራሁ ለቀናት ተጨቃጨቅን። ድምፃችን በዝቶ በር ላይ የቆመው ጥበቃ በሰደፍ ቆርቆሮውን እየመታ ዝም ያሰኘን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ፍተሻ ገባ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ግድግዳው ፊት ቆመና ለረጅም ጊዜ አየው። በዚያ ዘመን ክቦችና የሚያገናኛቸው መስመር አንድ ትርጉም ብቻ ነበራቸው፤ የኅቡዕ ድርጅት መዋቅር ነው የሚመስሉት። ማነው የሠራው ሲል እኔ ነኝ አልኩ። ሳሎኑ ወደነበረው ቢሮ ወሰዱኝ።

«ምንድነው?»

«የምድር ውስጥ ባቡር ነው፣ ጓድ።»

«ኢትዮጵያ ውስጥ የምድር ውስጥ ባቡር የለም።»

«ለዚህ ነው ያቀድነው» አልኩት። ቀጥዬም ሞስኮ እንዳለ ነገርኩት። ሞስኮ ላይ መሳቅም መቆጣትም አቃተው፤ ከኋላው ፎቷቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሶሻሊዝም ጺማሞች ያዩታል።

እሱ ግን ሞኝ አልነበረም። የክፍሉን ሰዎች አድራሻ ያውቃል። ይህ የአስተማሪው ሰፈር ነው፣ ይህ የሽማግሌው ነው እያለ ቆጠረና «የቀራንዮውስ?» አለኝ። «ከእናንተ ቀራንዮ የሚኖር የለም። መጨረሻው ላይ ያለው ማነው?»

«ማንም የለም። ባቡሩ የሚዞርበትና የሚያድርበት ነው።»

እግሬ የእኔ መሆኑን እስክረሳ ድረስ ያንኑ ጥያቄ ደጋገሙልኝ። ያንኑ መልስ ደጋገምኩላቸው። ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረውኝ አባባን አስገቡ። ከእሳቸው ጋር የተማከርንበት ነገር የለም። ያን ሰዓት የተሰማኝን ፍርሃት እግሬ ላይ የደረሰው ሁሉ አይስተካከለውም። እኅቴን ያየኋት ያህል ነበር፣ ከሽሮ ድስቷ ፊት ተንበርክካ።

«ቀራንዮ ላይ ያለው ክብ ምንድነው?» አላቸው።

«ፌርማታ ነዋ» አሉ አባባ። «መድኃኔዓለም ለሚሳለም ሰው።»

መርማሪው ጠረጴዛውን መታ። «እሱ ሰው አይወርድበትም ይላል። አንተ ሰው ይወርድበታል ትላለህ። ማንኛችሁ ነው የሚዋሸው?»

ሽማግሌውን አንተ ማለቱ አንገበገበኝ። ፊቴን እንዳዞርኩ አባባ ሳቅ ሲሉ ሰማሁ።

«አሁንም እንደዚያው ነው የሚለው?» አሉ። «ግትር ልጅ። ስንት ቀን ነገርኩት።»

በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ፣ እውነታቸውን ነው። ቀኑን ሙሉ በዚሁ ሲነታረኩ ነው የሚውሉት። ጆሮዬን አደንቁረውኛል።»

መርማሪው ተጠንቶ የሚመጣ ቃል መስማት የለመደ ሰው ነው፤ የተማከሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር እንደሚናገሩ ያውቃል። እኛ ግን በዱላ ፊት እንኳ አልተስማማንም። ወደ ጋራዡ ለቀቀን፣ ጥርጣሬው ግን አልለቀቀውም።

ከሰዓት በኋላ የኖራ ባልዲና ቡሩሽ አስይዞ ጋራዡ ድረስ መጣ። ሁሉም ሰው ወለሉ ላይ እንዲቀመጥ አዘዘ። «በገዛ እጅህ ታጠፋዋለህ» አለኝ። «ካልጠፋ ነገ ምግብ አይገባም።» በሩን ተደግፎ ቆመ። ግድግዳውን አይመለከትም፤ የእኛን ፊት ነው የሚያጠናው።

እምቢ ማለት ፈልጌ ነበር። ግን ምግቡ ከተመለሰ ሴቶቹ በር ላይ ይቆማሉ፣ የቆመ ሰው ይጠየቃል፣ የአባባ ባለቤት የያዟት ሁለተኛዋ ሳህንም ትጠየቃለች። ቡሩሹን ያዝኩ። ቆሜ መሄድ ስለማልችል አስተማሪው በብብቴ ደገፈኝ። ከመርካቶ ጀመርኩ።

ኖራው መሳለሚያ ሲደርስ ከኋላዬ አንድ ሰው በለሆሳስ «ወራጅ አለ» አለ።

ምሳው ከመሳለሚያ የሚመጣለት ልጅ ነበር። እጄ ለቅጽበት ቆመ፣ ከዚያ ክቡን ቀባሁት። ቀጣዩ ላይ ስደርስ ባለቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወራጅ አለ» አለ። አስተማሪው የእሱ ሲደርስ ጆሮዬ ሥር ተናገረው። እያንዳንዱ በተራው፣ ሳይጣደፍ፣ በራሱ ሰፈር ወረደ። ማዞሪያው ላይ አባባ «ወራጅ አለ፣ ልጄ። ቀስ አድርገህ አቁምልኝ» አሉ። ጥበቃው አንገቱን ደፋ፤ እየሳቀ ይሁን አላውቅም።

መርማሪው አልሳቀም። ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ከበሩ ተነስቶ ወደ መሃል መጣ። የቀረው ክብ አንድ ነው፣ ቀራንዮ። እዚያ ላይ ማን እንደሚወርድ ለመስማት ይጠብቃል፤ ማንም ካልወረደም ፊቱ የሚለዋወጠውን ሰው ይፈልጋል። እኛው በጀመርነው ጨዋታ ሊይዘን ነበር።

ቡሩሹን ባልዲው ውስጥ ነክሬ ኖራው እየተንጠባጠበ ክቡ ላይ አስጠጋሁት።

ዞር አልኩና እንደ አውቶቡስ ሠራተኛ፣ ጉሮሮዬ በቻለው መጠን፣ «መጨረሻ ነው። ሁላችሁም ውረዱ» አልኩ።

መጀመሪያ የተነሱት አባባ ናቸው፤ ግድግዳውን ይዘው። ከዚያ የመሳለሚያው ልጅ። ከዚያ ሁሉም፣ የታመሙት ሳይቀሩ፣ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ቆሙ። ተቀመጡ የተባልን ሰዎች ሁላችንም ቆመን ነበር። መርማሪው ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ እያየ ዞረ፤ ሁሉም ፊት አንድ ሆነበት። ወጣና በሩን በኃይል ዘጋው። እኔም ክቡን ቀባሁት።

በማግስቱ ምሳ ገባ። ሽሮው ጨው በዝቶበታል።

አባባ ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ልጃቸው ግን አልተመለሰም፤ እሱን ሲጠብቁ አርፈዋል። በቀብራቸው ዕለት ከእኔና ከአስተማሪው በቀር ከዚያ ክፍል የመጣ ሰው አላየሁም። ሌሎቹ የት እንደደረሱ አላውቅም፤ ፌርማታቸውን ነው የማውቀው።

ከተማችን አሁን ባቡር አላት፤ ጦር ኃይሎች ደርሳ ትመለሳለች፣ እሷም የምትሄደው ከላይ እንጂ በምድር ሥር አይደለም። እኅቴ ዛሬም ቀራንዮ ትኖራለች። ልጠይቃት ስሄድ ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን እስክወጣ ጉልበቴ ይርዳል። ስለዚያ ክብ የነገርኳት በቅርቡ ነው። ትንሽ አለቀሰችና ዓይኗን ጠርጋ የት ላይ ነበር ያደረጋችሁት አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አልኳት።

«አይሆንም» አለች። «ከፊት በኩል፣ መንገዱ ዳር ነው መሆን ያለበት። በየቀኑ ዳገቱን የምወጣው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።»

ወንዙ ቅርብ ነው፣ መሬቱ ዋልካ ነው ብዬ ተከራከርኳት። አልሰማችኝም። ምሳ እስኪቀርብ ተጨቃጨቅን፤ በሚቀጥለው ስመጣም እንደምትጀምረኝ አውቃለሁ። እኔም አልበገርላትም። ያ መርማሪ ሊወስድብኝ የነበረው ይህን ጭቅጭቅ ነው።