በጠበል ስማቸው የፈረሙ ምስክሮች

ባለፈው ወር አባቱ የሞቱበት አንድ ጎረቤቴ፣ “ኑዛዜ ትተዋል፤ ለማጽደቅ ስንት ጊዜ ይፈጅ ይሆን?” ብሎ ጠየቀኝ። በፍርድ ቤት ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝና ሕጉን ጠቅሼ ልመልስለት ጀምሬ ነበር፤ ግን አንድ አሮጌ መዝገብ ትዝ አለኝና አቋረጥሁ። ከአንድ ገጽ የማትበልጥ ኑዛዜ ነበረች። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ፈጅታለች። እንድትዘገይ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ደግሞ እኔ ነበርሁ።

በ1961 ዓ.ም. ቢቸና ከተማ በፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ሆኜ አገለግል ነበር። በሚያዝያ ወር ወይዘሮ ጥሩወርቅ የተባሉ ሴት የሟች አባታቸውን የአቶ አያሌውን ኑዛዜ ይዘው ቀረቡ። አዛውንቱ ከመሞታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለጠበል ወደ ሞጣ አገር ሄደው ሰባት ሳምንት ቆይተው ነበር። ኑዛዜውን ያጻፉት እዚያ ነው። ሲመለሱ ለማንም አልተናገሩም፤ ወረቀቱ የተገኘው በአርባቸው ዕለት ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ነው።

ኑዛዜው የቢቸናውን ቤት ለወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ዳዊቱንና በቅሎዋን ለወንድማቸው ለአቶ ውበቱ ይሰጣል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከባላቸው ከተለያዩ ወዲህ አባታቸውን እያስታመሙ የኖሩት በዚያ ቤት ነው። ኑዛዜው ከፈረሰ ቤቱ ተሸጦ ለሁለት ይካፈላል፤ እሳቸውም መግቢያ አይኖራቸውም።

አቶ ውበቱ ከአባታቸው ጋር ተቀያይመው ዓመታት አልፈዋቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀጠሮ ብድግ ብለው፣ “እነዚህ ምስክሮች ወዴት አሉ? እህቴ ማንን አስቀምጣ እንዳጻፈችው እኔ በምን አውቃለሁ?” አሉ።

“ውቤ፣ አርባውን እንደ እንግዳ በልተህ ሄደህ ዛሬ ምስክር ትቆጥራለህ?” አሏቸው እህታቸው። ዳኛው ሁለቱንም ዝም አሰኟቸው።

እንደ እውነቱ ከሆነ የአቶ ውበቱ ጥያቄ ተገቢ ነበር። ከኑዛዜው ግርጌ አራት ስሞች ተጽፈው በየስሙ አጠገብ የጣት አሻራ ተደርጓል፤ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ሰንበት፣ ወለተ ሥላሴ፣ ኪዳነ ማርያም። የአባት ስም የላቸውም፤ አገራቸውም አልተጠቀሰም። ጸሐፊው ደግሞ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ወግ “እኔ ኃጥእ ጸሐፊ” ብሎ ከማለፉ በቀር ስሙን አልገለጸም። የአቶ አያሌው ስምም ያለው በእጃቸው በጻፉት ፊርማ ላይ ብቻ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ “እኔ” ከማለት በቀር አልተጠራም።

መጥሪያውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስሞቹን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ገለበጥኋቸው፤ በዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄዬ እኮራ ነበር። መጥሪያው ወደ ሞጣ አምስት ጊዜ ተላከ። አምስት ጊዜም “በስሙ የሚታወቅ ሰው አልተገኘም” ተብሎ ተመለሰ። እዚያ ያሉት የአጥቢያ ዳኞች የግብር መዝገባቸውን አገላብጠው ነው የመለሱት፤ ስለዚህ የሚወቀሱበት ነገር አልነበረም። በየቀጠሮው የእኛም ችሎት አስከባሪ ደጃፍ ላይ ቆሞ አራቱን ስሞች በጉልህ ድምፅ ይጠራል፤ አቤት የሚል የለም። ዳኛው ምስክሮቹ በሚቀጥለው የሥራ ዘመን መጀመሪያ ካልቀረቡ ኑዛዜውን እንደሚሰርዙ አስታወቁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያን ቀን ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ሥር ቆመው፣ “አቶ ተሰማ፣ አባቴ እኮ ሐሰት አይጽፍም” አሉኝ።

በ1963 ዓ.ም. ጳጉሜን፣ ፍርድ ቤቱ ለክረምት እንደተዘጋ፣ የምጽፍበትን ቀኝ እጄን ቁርጥማት ስለያዘኝ እኔም ጠበል ፍለጋ በበቅሎ ወደ ሞጣ ሄድሁ። የሄድሁበት ጠበል ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኝ ነው። አጥማቂው ቄስ መስቀላቸውን እንደያዙ፣ “ስም?” አሉኝ።

“ተሰማ” ብዬ የአባቴንና የአያቴን ስም ጨምሬ፣ በደመወዝ መዝገብ እንደሚጻፈው፣ አሟልቼ ነገርኋቸው።

ከኋላዬ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ቄሱም ፈገግ ብለው፣ “ልጄ፣ እሱ መንግሥት የሚያውቅህ ነው። እግዜር የሚያውቅህስ?” አሉኝ።

“ኃይለ ሚካኤል” አልሁ፤ ይህን ስም ከአፌ ካወጣሁት ስንት ዘመኑ!

ከዚያ ወዲያ በዚያ ስፍራ ተሰማ የሚለኝ ጠፋ። “ኃይለ ሚካኤል፣ ተራህ ደርሷል”፣ “ኃይለ ሚካኤል፣ እጅህ እንዴት አደረ?” ሆነ። አብሮኝ አንድ ማደሪያ የተጋራው ሰው ገብረ መድኅን ይባል ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የዓለም ስሙ ማን ይሆን ብዬ ሳስብ ነው ነገሩ የታየኝ። ካፊያ እየወረደብኝ ወደ ቄሱ ሄድሁና አራቱን ስሞች በቃሌ ቆጠርሁላቸው።

ቄሱ ስሞቹን በጣታቸው እየቆጠሩ ደገሟቸው። “የገብረ ሥላሴ ምስክሮች ናቸው እኮ! የቢቸናው ሽማግሌ። ወረቀቱን የጻፍሁለት እኔ ነኝ።”

“አባ፣ ስምዎን ለምን አልጻፉበትም?”

“የእኔ ስም ለምን ይጠቅማል? የሚናዘዘው እሱ” አሉኝ፤ ከልባቸው ተገርመው።

ወልደ ሰንበት ሞቷል። ኪዳነ ማርያም የት እንደገባ አይታወቅም። ወለተ ሥላሴ እዚያው ሞጣ ከተማ ትኖራለች። “ኃይለ ጊዮርጊስ ልብስ ሰፊው ግን” አሉኝ ቄሱ፣ “ድኖ ወደ እናንተ አገር ከወረደ ሁለት ዓመት አለፈው።”

ቢቸና ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት አቶ ምናለ የተባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከመስቀል በዓል በኋላ ቢሮ እንደተከፈተ መንገዱን ተሻግሬ፣ “የክርስትና ስምዎ ማን ነው?” አልኋቸው።

የስፌት መኪናውን ሳያቆሙ፣ “ምነው፣ ሊያጠምቁኝ ነው? ኃይለ ጊዮርጊስ” አሉኝ።

“ችሎት አስከባሪው ይህን ስም ሲጠራ ሰምተው አያውቁም?”

“ኧረ ስንት ጊዜ! ይህ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚሉት እንዴት ያለ ሰነፍ ባለጉዳይ ነው፣ ሁልጊዜ ይቀራል እያልሁ ሳማው ነው የኖርሁት።”

አቶ አያሌው የሚባሉ ሰው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ አላውቅም አሉ። “ገብረ ሥላሴ ብልዎትስ?” ስል የመኪናው ድምፅ ቆመ።

“የጠበሉ ገብረ ሥላሴ? እዚህ እንደመጣሁ አፈላልጌው ነበር። ገብረ ሥላሴ የሚባል ሽማግሌ የሚያውቅ አጣሁ። ደህና ነው?”

መሞታቸውን ስነግራቸው ሥራቸውን አጣጥፈው አስቀመጡ።

አቶ ምናለ በጥቅምት ወር ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። ኑዛዜው በአራቱም ፊት ሲነበብ መስማታቸውን፣ አሻራውም የራሳቸው መሆኑን አረጋገጡ። የወለተ ሥላሴና የቄሱ ቃልም ከሞጣ በጽሑፍ ደርሶ ነበር። አቶ ውበቱ ግን ገና አላመኑም።

“ይህ ሰው ከፍርድ ቤቱ ደጅ የተገኘ ነው፤ አባቴን ስለማወቁ ምን ማስረጃ አለው?” አሉ። ዳኛው እሳቸው ራሳቸው እንዲጠይቁ ፈቀዱላቸው። አቶ ውበቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ስለ ልጆቹ ሲያወራ ሰምተሃል?” አሉ።

“ሲያወራ አልሰማሁም፤ ዝምተኛ ነበር” አሉ አቶ ምናለ። “ግን ጠበሉ ሲወርድበት ሁልጊዜ ከራሱ ስም አስቀድሞ ሁለት ስም ይጠራ ነበር። መጀመሪያ ወልደ ሩፋኤል ይላል፣ ቀጥሎ ወለተ ኪዳን። ወልደ ሩፋኤል የሞተ ልጁ ይመስለኝ ነበር፤ ሲጠራው ያለቅሳልና።”

ችሎቱ ውስጥ ማንም ምንም አልገባውም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብቻ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አነሱ። ዳኛው ወደ አቶ ውበቱ ዞረው፣ “ወልደ ሩፋኤል ማን ነው?” ሲሉ፣ ሰውየው ወደ እህታቸው ተመለከቱ።

“እኔ ነኝ፣ ጌታዬ” አሉ። “መቃወሜን ትቻለሁ።”

ከዚያ በኋላ ባገለገልሁባቸው ዓመታት ሁሉ መጥሪያ ስጽፍ የዓለም ስምና የክርስትና ስም አጣርቼ መጻፍን ልማድ አደረግሁ፤ እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘኝ ግን አልነበረም። ዛሬም የማላውቀውን ሰው ስም ስሰማ፣ ሌላኛው ማን ይሆን ብዬ መጠየቅ ይቃጣኛል።

ለጎረቤቴም የሆነውን ብቻ ነገርሁት። የአቶ አያሌው ኑዛዜ ጸድቆ ቤቱ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ዳዊቱና በቅሎዋ ለአቶ ውበቱ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ መዝገቡም ኅዳር 13 ቀን 1964 ዓ.ም. ተዘጋ።