በጠራራ ፀሐይ የተሸጠው «ሕያው» ሴል

ዛሬ ሸሕዲ ገበያ ላይ አንድ ጎረምሳ ፀሐይ ላይ ካሰለፋቸው ጠርሙሶች አንዱን አንስቶ «ይህ የነርቭ ስቴም ሴል ነው፤ ሲጠጡት የተጎዳውን አካል ይተካል» ብሎ ለጎረቤቴ ለዘይነባ ሸጠላት።

የዘይነባ ባል ሰሊጥ ከጫነ መኪና ላይ ወድቆ ወገቡን ከተመታ ወዲህ እግሩን አያንቀሳቅስም።

«ሴሉ በሕይወት አለ?» አልሁት።

«አዎ እማማ፣ ሕያው ነው!»

«ቅቤ በሙቀቱ ቀልጦ እንደ ውኃ በሚፈስበት አገር?»

«እርስዎ የተማሩት የድሮውን ነው። ሴሉ ብልጥ ነው፤ ጉበት ጋ ሲደርስ ጉበት፣ እግር ጋ ሲደርስ እግር ይሆናል።»

(ብልጡ ማን እንደ ሆነ አይቻለሁ።)

ነገሩን አንብቤዋለሁ። ስቴም ሴል ሌሎች ሴሎችን የሚያፈራ እናት ሴል ነው፤ የነርቩ የሚያፈራው ግን የነርቭ ሥርዓት ሴሎችን ነው። ደምም ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ግን እምቢ አላቸው። በቤተ ሙከራ እምቢ ያለውን ይህ ጎረምሳ ጆንያ ላይ ዘርግቶ ይቸበችበዋል። ሌባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ዘይነባን «መልሺለት» አልኋት።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ሁልጊዜ ቀስ በቀስ ነው የሚለኝ። ይኸኛው ግን ባልሽ በሳምንት ይነሣል አለኝ። የነገውን የጎንደር ቀጠሮ ትተነዋል» አለችኝና ጠርሙሱን በሻሿ ሸፍና ሄደች።

እንዲህ ያለ ጠርሙስ የገዛችሁ ሁሉ፣ በሽተኛችሁ በኋላ ምን እንደ ሆነ ሳታፍሩ እዚህ ጻፉልኝ። የጎንደሩ አውቶቡስ የሚነሣው ነገ ንጋት ላይ ነው፤ እስከዚያ የዘይነባ በር ላይ ቆሜ የጻፋችሁትን ሁሉ አነብላታለሁ።