ፍየል የማይበላው ሣር

አዲሱ ቴሌቪዥን ቤታችን የገባ ቀን ወንድሜና እኔ ዕድሜያችንን ረስተን ዘለልን። ሁለታችንም ከሠላሳ አልፈናል፤ እሱማ መላጣ ሆኗል። ግድግዳው ላይ ሰቅለነው ገና ሳናበራው ሦስቴ ተቃቀፍን።

እማዬ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ታየናለች። ዕድሜዋን ሙሉ ቀፊራ ገበያ በርበሬ የሸጠች፣ ቀለም የተቀላቀለበትን ገና ከሩቅ የምትለይ ሴት ናት። ዓይኗን ሞራ ሲሸፍናት ሥራዋን አቆመች። አሁን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ሐኪሙም «ድነዋል» ብሏታል። እሷ ግን ዓይኗን አላመነችውም። «ተሳስቼ የሰው ድስት ከማበላሽ ቤቴ ልቀመጥ» ትላለች። ሚዛኗም አልጋ ሥር ከገባ ቆየ።

ወንድሜ የኳስ ጌሙን ከፈተ። ሜዳው ፏ ሲል አጨበጨብኩ። እማዬ ፊቷን አጨማደደች።

«ይኼ ሣር ቀለም ተነክሯል። ፍየል እንኳን አይበላውም።»

በሳቅ ሞትን። ለእሷ ይሆናል ብለን የወጥ አሠራር ቪዲዮ ስንከፍትላት ግን ድስት ውስጥ የሚገባውን በርበሬ አይታ «ይኼም ተቀላቅሎበታል» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወይስ ዓይኔ ነው?»

አልዳነችም ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ወንድሜ ይኼን ልብ አላለም። ጌሙ ላይ ቁልፍ ሲጫን ተጫዋቹ ዘግይቶ ስለሚመታ፣ «አቦ፣ ይኼ ነገር እንቅልፋም ነው!» እያለ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ይቆፍራል። ለካ ቴሌቪዥኑ ሱቅ ውስጥ ገዢ እንዲስብ ቀለሙ ተጋንኖ እንደ ተሞላ ነው የመጣው! የጌሙን ሞድ ሲፈልግ የፊልሙን ነካ፤ ምስሉ ቢጫ ቢጫ አለብን።

«አበላሸኸው!» ብዬ ጮኽኩበት።

«ተዉት! እንዳትነኩት!» አለች እማዬ። ጓዳ ገብታ በርበሬ በመዳፏ ዘግና መጣች። ቪዲዮውን ድስቱ ላይ አስቁመን እጇን ስክሪኑ አጠገብ ዘረጋች።

«ቀለሙን ቀንስ... ትንሽ... ኧረ አበዛኸው! መልስ... በቃ!»

ቁጭ። ሁለቱ በርበሬዎች አንድ ሆኑ። እኛ ግን አላመንንም፤ ጀርባዋን እንድትሰጠን አድርገን አንዴ የሱቁን ቀለም፣ አንዴ የፊልሙን እያደረግን ፈተንናት። ስድስቴ ዞረች፤ ስድስቴም ለየች።

«የዋሸው ቴሌቪዥኑ ነዋ!» አለች እንደ ልጅ እየሳቀች። ቴሌቪዥኑ ሲገባ ከዘለልኩት በላይ ዘለልኩ፤ ወንድሜም ለምን እንደ ዘለልኩ ሳይገባው አብሮኝ ዘለለ።

በመጨረሻ የጌሙን ሞድ አገኘና ተጫዋቾቹ እንደ ልብ ይታዘዙት ጀመር። እኔ ጆይስቲኩን ይዤ ዓይኔ በተከፈተው የመኝታ ቤት በር በኩል ነበር። እማዬ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር ሚዛኗን ጎትታ አወጣች። አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«ነገ በጠዋት ባጃጅ ጥሪልኝ» አለችኝ።

አምስት ጎል ገብቶብኛል አሉ። አንዱንም አላየሁት።