የትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች ዝርዝር

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከእናቴ ለይቼ የማላያቸው ሴት ነበሩ። እትዬ ነው የምላቸው። እሁድ እሁድ አብረን የምንጥለው እቁብ ደረሳቸው። የሱቃቸው ባለቤት ኪራዩን ለማደስ ዳጎስ ያለ ገንዘብ በአንዴ ጠይቋቸዋል፤ ካልከፈሉ ሱቁ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ቀኑ ሊደርስ አራት ወር ይቀራል። እዚህ መሀል ነው እኔ ጥልቅ ያልኩት።

ኢምባካሲ የጭነት መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ በየወሩ የሚያወጣውን የዋና ዋና ባለአክሲዮኖች ዝርዝር ከስልኬ እያየሁ፣ የጡረታ ፈንዱ ስንት ገዛ፣ ኢንሹራንሱ ስንት ሸጠ፣ ሁሉንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጓደኞቼ "ፕሮፌሰር" እያሉ ሲያሾፉብኝ እውነት ይመስለኝ ነበር። እኔ ጅሉ!

አንድ ወር የጡረታ ፈንዱ ከሦስተኛ ተነስቶ አንደኛ ሆነ። ደብተሬን ይዤ እትዬ ጋ በረርኩ። "የፈንዱ ሰዎች ፎቅ ሙሉ የተማረ ሰው ቀጥረው ነው የሚያስጠኑት። እስከዚያ ገንዘብዎ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ይውለድ እንጂ!"

መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን አዩ። "ዋሱ ማነው?" አሉኝ።

እቁባችን ላይ ማንም ዋስ ሳይጠራ ዕጣውን አይወስድም፤ ወስዶ ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል። ጣቴን የፈንዱ ስም ላይ አሳርፌ "ይኸው! እሱ እያለ ምን ይሆናሉ?" አልኳቸው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

አክሲዮኑን ገዙ። በሁለተኛው ወር ዋጋው መንሸራተት ጀመረ። ዝርዝሩ ላይ ግን ፈንዱ አንደኛ እንደሆነ ነው። "አይዞዎት፣ አልተነቃነቀም" አልኳቸው። በሦስተኛው ወር ዝርዝሩን ባገላብጥ ፈንዱ የለም። ጭራሽ የለም! አክሲዮኑን ለገዛልን ደላላ ደወልኩ፤ እዚሁ ናይሮቢ ያደገ ያገራችን ልጅ ነው።

"ኖርማል ነው ብሮ" አለኝ እያዛጋ። "እሱ ከሸጠ ቆየ። ዝርዝሩ እኮ የሚወጣው ወሩ ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ነው። ይሄን የማያውቅ አለ እንዴ?"

አለ እንጂ! እኔ አለሁ! ልንገዛ ስንመጣ አፉን ምን ለጎመው? ኮሚሽኑን ሲቆርጥ እንዴት ነቃ? ማታቱ ታክሲ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ስሳደብ ሄድኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ። እትዬ ሱቅ ገብቼም አላቆምኩም። ሌቦች፣ አስመሳዮች፣ የድሃ ደም መጣጮች!

እሳቸው ጨርቅ እያጠፉ ሰሙኝ። አክሲዮኑን ሸጠውት ኖሯል፤ የተረፈው ለኪራዩ አልበቃም። የሱቁ ባለቤትም ጠዋት መጥቶ ለሌላ ሰው መስጠቱን ነግሯቸዋል።

"ያንተስ ስንት ቀረ?" አሉኝ።

"የኔ?"

"የገዛኸው።"

አንድም አልገዛሁም ነበር። ያለኝ ደብተር ብቻ ነው። ፊቴን አይተው ገባቸው።

"ልጄ፣ እኔ ያንን ፈንድ የት አውቀዋለሁ?" አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "ዋሴ አንተ ነበርክ።"

ከወራት በኋላ የእቁብ ዕጣዬ ወጣ፤ እጄ ሳይገባ ለሳቸው አስረከብኩ። ሱቃቸው ውስጥ ግን አሁን ሌላ ሰው ጫማ ይሸጣል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የምሰድበው ፈንዱን አይደለም።