የአማቴ ጨረቃ

ይሄ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ኮልፌ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆኜ ስሠራ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም ጨረቃ ሙሉ ሆና ወጥታ ሰው ሁሉ «እንዴት ታምራለች!» ሲል ቆሽቴ ያርራል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የዚያን ዓመት ገና ሰሞን አለቃዬ ጠርቶ ወደ አሰብ መዛወሬን ነገረኝ። «ሁዳዴ እንደገባ ትሄዳለህ» አለኝ። በዚያ ዘመን ሂድ ከተባልክ ትሄዳለህ፣ አልሄድም ብሎ ነገር የለም። መሄዱስ እሺ፣ ጭንቀቴ ጽጌ ነበረች። ጽጌ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ተደብቀን ተዋደናል። ሳላገባት ከሄድኩ መቼ እንደምመለስ እግዜር ነው የሚያውቀው። ያኔ የሄደ ሁሉ የሚመለስበት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቷ እሺ ብለው፣ ሠርጉም ሁዳዴ ሳይገባ ማለቅ አለበት። ጾሙ ከገባ ሠርግ የለም። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ እኔ አሰብ ነኝ።

ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር።

የጽጌ አባት አቶ አንጁሎ ይባላሉ። ከአርባ ምንጭ አካባቢ መጥተው ኮልፌ ገበያ ውስጥ ጋቢና ቡሉኮ ሲነግዱ የኖሩ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሐይቅ ዳር ስላደጉ ዓሣ ሳያጠምዱ ከሰነበቱ የሚያማቸው ይመስላቸዋል። አንዳንድ ቅዳሜ ሱቃቸውን በጊዜ ይዘጉና መንጠቆና ክራቸውን ይዘው በአውቶቡስ ዝዋይ ይወርዳሉ። የሚመለሱት እሁድ ማታ ነው።

የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ግን የሚያውቁት እሳቸውና ጨረቃ ብቻ ናቸው። አንድ ቀን እንዲያውቁኝ ብዬ የማያስፈልገኝን ጋቢ ልገዛ ሱቃቸው ገባሁ። ስለ ጋቢው አንድ ቃል ሳይናገሩ ስለ ዓሣ ጀመሩልኝ።

«ስማ ልጄ» አሉኝ፣ «ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ዓሣ ሌሊቱን በብርሃኗ ሲበላ ነው የሚያድረው። ቀን ጠግቦ ይተኛል፣ መንጠቆህን ዞር ብሎም አያየው። ጨረቃ ስትጠፋ ግን ባዶ ሆዱን ያድርና ጠዋት ያገኘውን ይጎርሳል። ክረምት አትድከም፣ ጎርፉ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ኅዳር ደግሞ ይበርደውና ታች ይወርዳል። ከጥር ወዲያ ነው ደጉ ጊዜ፣ እሱም ነፋስ ከሌለ።» ከዚያ በር ላይ ወጡና ወደ ወጨጫ ተራራ አንጋጠው ደመናውን መመርመር ጀመሩ። እኔ ጋቢዬን አቅፌ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እላለሁ። በሳምንቱ ሄጄ ሌላ ጋቢ ገዛሁ። እናቴ «አንተ ልጅ ብርድ ብርድ ይልሃል እንዴ?» አለችኝ።

የሽማግሌዎቹ መሪ የአባቴ ወንድም ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ጋሽ ታደሰ ድምፃቸው ከኮልፌ አስኮ የሚሰማ፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ ግን አንጀታቸው ቅቤ የሆነ ሰው ናቸው። ሁለት ጎረቤቶቻችንን አስከትለው እሁድ በማለዳ ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ።

«የሉም!» አሉ። «ሚስትየዋ ጨረቃ ስለጠፋች ዝዋይ ሄደዋል አለችን። አንተ ልጅ፣ እኛን የላክኸን ለሰው ነው ለጨረቃ?»

አባት በሌለበት ደግሞ ሽማግሌ ጉዳዩን አይናገርም፣ ነውር ነው። ለእኔ ለራሴ ቀርቦ መጠየቁማ ከዚያም የባሰ ነውር ነው። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ሌላ እሁድ መጠበቅ ነው። ቀጣዩን እሁድ የቀበሌ ስብሰባ በላው። ማንም መቅረት አይችልም፣ ጋሽ ታደሰም፣ እኔም፣ አቶ አንጁሎም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተደርድረን ስናጨበጭብ ዋልን። ከፊት ለፊቴ ማጅራታቸው እየታየኝ አንድ ቃል መተንፈስ አልቻልኩም።

ከዚያ ተማርኩ አልኩ። ሰውየው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን አይሄዱም፣ ራሳቸው ነግረውኛል። ስለዚህ ሽማግሌው የሚላከው ሙሉ ጨረቃ ላይ ነው። ማታ ማታ ግቢ ወጥቼ ሰማይ ማየት ጀመርኩ። ዛሬ ግማሽ ሆነች፣ ዛሬ ትንሽ ቀራት እያልኩ እተኛለሁ። እናቴ በመስኮት ታየኝና ታማትባለች። ለጋሽ ታደሰ «ይሄ ልጅ ጨረቃ ለክፋው ሳይሆን አይቀርም፣ ፀበል እንውሰደው» ብላቸዋለች።

ሙሉ የምትሆንበት ቅዳሜ ደረሰ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያለ ወቅቱ ደመና ከወጨጫ ላይ ወረደና ሰማዩን ሸፈነው። እኔ ምን አገባኝ ብዬ በማግስቱ እሁድ ሽማግሌዎቹን ላክሁ። አሁንም የሉም! የጽጌ እናት ወይዘሮ አስቴር አፍረው «ጨረቃን ደመና ከሸፈናት እንደሌለች ነው ብለው ሄዱ» አሏቸው።

በስማም! ይሄን ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ። ጋሽ ታደሰ ከዘራቸውን ወርውረው «ሁለተኛ እግሬን አላነሳም!» አሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ ነው የታረቁኝ።

ጽጌን ፌርማታው ጋ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል። «አባዬ ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለችኝ። «ዘንድሮ ምን እንደነካው አላውቅም። ዓሣም ይዞ መምጣት ትቷል።» እኔ ንዴቴ አፍኖኝ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

ጋሽ ታደሰ ሌላ ሙሉ ጨረቃ ካልሆነ አልሄድም ስላሉ በመካከል ያሉት ሳምንታት በመጠበቅ አለፉ፤ ጨረቃዋ እንደገና የምትሞላበት ቅዳሜም ደረሰ። ከነገው እሁድ በኋላ የምትቀረው አንድ እሁድ ብቻ ናት፣ በሷ ማግስት ሁዳዴ ይገባል። ቅዳሜ ማታ ወጥቼ አየሁ። ደመና የለ፣ ነፋስ የለ፣ ጨረቃዋ እንደ ትሪ ቁጭ ብላለች። በየትኛውም ሕጋቸው ቢሆን ዛሬ ዓሣ የለም። «በቃ፣ ነገ ቤት ናቸው» ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማለዳ ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እኔ ፌርማታው ጋ ሆኜ እጠብቃለሁ። ጋሽ ታደሰ ብቅ ሲሉ አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ያ ነው ያስደነገጠኝ። በእጃቸው አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዘዋል።

«የሉም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሚስትየዋ ይሄን አሳየችኝ። የዓሣ ማጥመጃ ትላቸው ነው፣ ረስተውት ሄደዋል። ለመሆኑ ዓሣ አጥማጅ ትሉን ይረሳል?»

ቆርቆሮውን ከፍቼ አየሁ፤ ትሎቹ ይርመሰመሳሉ።

«ተነስ፣ ዝዋይ እንወርዳለን። ትሉን እናደርስላቸዋለን» አሉ።

አፈር ልብላ፣ እንዲህ ያለ ሽማግሌነት አይቼም ሰምቼም አላውቅ! ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ቆርቆሮ ትል ይዘው አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩ። ጋሽ ታደሰና አንዱ ጎረቤታችን የለበሱት እኔ ከአቶ አንጁሎ የገዛኋቸውን ጋቢዎች ነው፤ ጋቢዎቹ በመጨረሻ ሥራ አገኙ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ቆርቆሮውን ከፈተና አፍንጫውን ያዘ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ትል ነው ልጄ።»

«ትል ይዘው የት ነው የሚሄዱት?»

«ልጅ ልንለምን» አሉ ጋሽ ታደሰ። ፈታሹ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ትሉን አየና ግቡ አለን።

ዝዋይ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። አቶ አንጁሎን የማያውቃቸው አልነበረም፣ ሐይቁ ዳር ያሉበትን ጠቆሙን። ጋሽ ታደሰ አንድ ግራር ሥር አቆሙኝና «አንተ እዚህ የለህም። አልመጣህም። ገባህ?» አሉኝ። ከዚያ ሦስቱም ሄደው ከአቶ አንጁሎ ጀርባ ተደርድረው ቆሙ። አቶ አንጁሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ክራቸውን ውሃ ውስጥ ጥለዋል። በጀልባ ላይ ያሉ ዓሣ አጥማጆች መቅዘፋቸውን ትተው ያዩ ጀመር።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ አንጁሎ!»

አቶ አንጁሎ ዞር ሲሉ ክው አሉ። «እናንተ ደሞ እዚህ ምን ታደርጋላችሁ? ቀስ በሉ እንጂ፣ ዓሣው ይሸሻል!»

«የቱ ዓሣ?» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ጨረቃዋ ሙሉ ናት። እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ ዓሣው ጠግቦ ተኝቷል። ትልዎ ደግሞ ይኸው፣ ቤት ረስተውት ነበር። ለመሆኑ በምን እያጠመዱ ነው?»

አቶ አንጁሎ ክሩን ቀስ እያሉ ሳቡት። መንጠቆው ባዶውን ወጣ።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። መቀመጫስ የት አለና» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወጉ እንደሚያዘው ተናገሩ። ልጅዎን ለልጃችን ብለው፣ ምግባሬን ዘርዝረው፣ የሌለኝንም ጨማምረው ጨረሱ።

«ዘመድ ላማክር» አሉ አቶ አንጁሎ። «ጨረቃዋ ስትጠፋ ተመለሱ።»

«ጨረቃዋ ስትጠፋ ሁዳዴ ገብቷል! ይሄን አያውቁም?» ጋሽ ታደሰ ጮኹ። ዳር ላይ የነበሩ ወፎች ተነስተው በረሩ።

አቶ አንጁሎ ባዶውን መንጠቆ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሁሉንም አውቃለሁ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። እሺ እንዳልል አሰብ ሩቅ ነው፣ ጊዜውም ክፉ ነው፣ ደግሜ ላያት አላያት አላውቅም። እምቢ እንዳልል ልጁ ጨዋ ነው፣ እሷም ትወደዋለች። ቤት ካገኛችሁኝ አንዱን መናገሬ ነው። ስለዚህ እየወጣሁ እዚህ ቁጭ እላለሁ።»

ያን ሁሉ ሳምንት የያዘኝ ንዴት እዚያ ግራር ሥር ለቀቀኝ። ጋሽ ታደሰ ከነጋቢያቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «እኔም ሴት ልጅ ድሬያለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው እንደዚያ ዝቅ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ከሠርጉ በኋላ ሳምንት ሙሉ ቤት መግባት አስጠልቶኝ ነበር።»

ከዚያ አቶ አንጁሎ ወደ ግራሩ ዞሩ። «አንተ! ና ውጣ! በሳምንት ልዩነት ሁለት ጋቢ ስትገዛ ለምን እንደመጣህ ያላወቅኩ መስሎሃል?»

አንገቴን ደፍቼ ቀረብኩ።

«አሰብ ዓሣ አለ?»

«ሞልቷል ጋሼ፣ ባሕር አይደል።» አሰብን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

«የባሕር ዓሣም በጨረቃ ነው?»

«እሱን አላውቅም ጋሼ። መጥተው ያዩታል።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እመጣለሁ እንግዲህ። እንዳታስከፋት» አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። በዚሁ አለቀ።

አላለቀም እንጂ! «ከመጣችሁ አይቀር» ብለው ቆርቆሮውን ከፍተው አንድ ትል መንጠቆው ላይ ሰኩና ወረወሩት። ወዲያው ትልቅ ቆሮሶ ዓሣ ጎረሰ። ደገሙ፣ ሌላ። ሰለሱ፣ ሌላ! በሙሉ ጨረቃ፣ በጠራራ ፀሐይ! እኔ ስንት ማታ አንጋጥጬ አንገቴ የተጣመመው፣ እናቴ ፀበል ልትወስደኝ የተነሳችው ለዚህ ሕግ ነበር እኮ! «ጋሼ፣ ዓሣው ጠግቦ ይተኛል አላሉኝም?» ብላቸው «ይሄ ሌላ ነው» ብለው ሌላ ትል ሰኩ።

በሳምንቱ እሁድ፣ በቅበላው ቀን ተጋባን። ሁዳዴ በማግስቱ ገባ። አቶ አንጁሎም እንዳሉት አሰብ መጡ፣ ለአንድ ሳምንት ብለው ክረምቱን በሙሉ ከረሙ። ባሕሩ ሲሞላና ሲሸሽ ባዩ ቁጥር «አላልኩህም? ይኸው ባሕሩ ራሱ በጨረቃ ነው የሚሄደው!» እያሉ በዚያ ሙቀት እንቅልፍ ነሱኝ።

ዛሬ እሳቸውም ጋሽ ታደሰም በሕይወት የሉም። እኔና ጽጌ ኮልፌ ተመልሰን ልጆች አሳድገናል። ይሄን ታሪክ ዓመታት ሙሉ ያወራሁት እየተናደድኩ ነው፤ ሰሚውም ይስቅልኛል። ባለፈው ሳምንት ግን የመጨረሻ ልጃችን ሽማግሌ እንደሚላክባት ተነገረኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ አንድ እንከን አላገኘሁበትም። ሥራው ግን ሩቅ አገር ነው። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በዚህ እሁድ ነው።

ትናንት ማታ ሳላስበው ግቢ ወጥቼ ሰማይ ሳይ ራሴን ያዝኩት። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብቼ የአቶ አንጁሎን መንጠቆ መፈለግ ጀመርኩ። ቦታው ላይ የለም። ሳጥን ገለበጥኩ፣ መደርደሪያ በረበርኩ፣ የለም።

ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። «አትልፋ» አለችኝ። «ሰኞ ነው ያነሳሁት።»